በግራ በኩል የተነሳው ፎቶ

ታላቅ ወንድሜ በወባ የሞተ ጊዜ ልቅሶው ላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ሰመራ፣ ግቢያችን ውስጥ የተተከለው ድንኳን ይሞቃል፤ ያላስቀመጠኝ ግን ሙቀቱ አልነበረም። እናቴ ጠረጴዛ ላይ ያቆመችው ፎቶ ነው። አዋሽ ሳለን የተነሳው፣ ፊቱ ሳይቃጠል።

በኋላ ሎጊያ ጋራዥ ሲሠራ፣ የጋለ ራዲያተር ሊከፍት ሲል የፈላው ውሃ ግራ ፊቱን በላው። ዓይኑ ወደ ታች ተሳበ፣ ከንፈሩ ተጣመመ። ቤት ውስጥ አናወራውም። ፎቶ ስንነሳ "እኔ ላንሳችሁ" ይላል። እኛም እሺ እንላለን።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ የረሳሁትን ደብተር ትምህርት ቤት ድረስ አመጣልኝ። ጓደኞቼ "ማነው?" አሉኝ።

"ጎረቤታችን ነው" አልኳቸው።

የሰማኝ ይመስለኛል። ደብተሩን አቀብሎኝ ሄደ። ሁለተኛ ግን ትምህርት ቤት አልመጣም።

በልቅሶው ሁለተኛ ቀን አንድ የጂቡቲ መስመር ሹፌር ገባ። ፎቶውን አየ፤ ቆም አለና ወጣ። ተከተልኩት።

"ድንኳን ተሳስቼ ነው" አለኝ። "የመካኒኩን ልቅሶ ነበር የምፈልገው። ያ ፊቱ እንኳ... የተቃጠለው።"

"እሱ ነው።"

"ፎቶው እሱን አይመስልም እኮ።"

"የድሮ ነው።"

"አንተስ ምኑ ነህ?"

"ወንድሙ ነኝ" አልኩ። ለማላውቀው ሰው እንዲህ ስል የመጀመሪያዬ ነበር።

"አላህ ያጽናችሁ" አለና ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ወንድሜ የከባድ መኪና ጎማ ላይ ተቀምጦ ይስቃል፤ የተቃጠለው ጎኑ ወደ ካሜራው ነው።

"እኛ ጋ ፎቶ ይወድ ነበር" አለ ሹፌሩ። "'በግራ አንሱኝ፣ የቀኙን ዓይነት ማንም አለው' ይለን ነበር።"

ምስሉን ላከልኝ። ያኔውኑ ፎቶ ቤት ሄድኩ።

"ፊቱን ላስተካክለው?" አለኝ ባለ ፎቶ ቤቱ።

"አይ። እንዳለ።"

እናቴ ፎቶውን ተቀብላ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። የአዋሹን አላነሳችም። ገፋ አድርጋ ከጎኑ ቦታ አበጀችለት።

"እንዲህ ይስቅ ነበር እንዴ?" አለችኝ።