ሳልጠጣ ያስቀመጥኩት ፍንጃል

ባለፈው ሳምንት እዚህ አማን፣ ተላዕ አል-ዓሊ ሰፈር የሚኖሩ ሰዎች እንግዳ ስለሚበዛባቸው በሰዓት የሚሠሩ ሁለት ሴቶች ፈልገው፣ እኔና አብራኝ የምትኖረው ሕይወት ሄድን። ሕይወት በዕድሜ ልጄ ብትሆን ነው። እንግዶቹ ጃሃ ነበሩ፤ እዚህ አገር ሽማግሌዎች ለጋብቻ ልጅ ሊጠይቁ ሲሄዱ እንዲህ ይባላሉ። ቡና ሲቀርብ ዋናው ሽማግሌ ፍንጃሉን ተቀብለው፣ ሳይቀምሱ ፊት ለፊታቸው አስቀመጡት። ሕይወት በወጥ ቤቱ በር አጮልቃ አየችና፣ «ለምንድን ነው የማይጠጡት? አበላሽተን ይሆን እንዴ?» አለችኝ።

«የመጡበት ጉዳይ እሺ ካልተባለ አይጠጡም» አልኳት። ወዲያው ሳቄ መጣ። እኔም አንዴ እንዲሁ አድርጌ አውቃለሁ።

ያን ጊዜ ገና ሃያ ዓመቴ ነበር። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ወድቄ ነው አገር የለቀቅሁት። የምሠራው እዚሁ አማን፣ ስዌፍየህ ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አሠሪዬ ማዳም ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ይህን የምለው እውነት ስለሆነ እንጂ ለእሷ አዝኜ አይደለም። አትማታም፣ በምግብም አታስጨንቀኝም። ግን በወጣች ቁጥር በሩን ከውጭ ትቆልፈው ነበር። «ለራስሽ ደኅንነት ነው» ትላለች። መጀመሪያ ሰሞን ቁልፉ ሲዞር ስሰማ እጄ ሥራውን ያቆም ነበር፤ ሳህንም ይዤ ከሆነ ሳህኑን እንደያዝኩ እቀራለሁ። በኋላ ለመድኩት። አሁን ሳስበው ይበልጥ የሚያስፈራኝ መልመዴ ነው።

የአገር ቤት ሰፈሬ ልጅ ጽጌ በዚያው መንገድ ታልፍ ነበር። እሷ ቤት ተከራይታ በሰዓት ነው የምትሠራው። በምትጸልይበት ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ አርብ አርብ እንግሊዝኛ እንደሚሰጥ ከመንገድ ላይ ሆና፣ ወደ በረንዳው ቀና ብላ ነገረችኝ። ከሱቅ ዳቦና አትክልት የምንስብበት በገመድ የታሰረ ቅርጫት ነበረን። ማዳም ስትወጣ ቅርጫቱን አወርዳለሁ፤ ጽጌ የሳምንቱን ትምህርት ትከትበታለች፤ በሚቀጥለው ሳምንት የሠራሁትን ይዛ ትሄዳለች። መምህርቷ ጡረታ የወጣች የዚሁ አገር ሴት ነበረች፤ እያረመች ትመልስልኝ ነበር። እንዲህ እያልኩ ያን ዝናባም ክረምት በሙሉ ዓይቼው የማላውቀው ክፍል ተማሪ ሆንኩ። ድስት እየፈተግሁ ግሥ አረባለሁ፤ ድምፅ ሳላወጣ፣ በልቤ።

ሎዝ የሚሉት አረንጓዴ ለጋ ፍሬ በጋሪ መሸጥ ሲጀምር ፈተና ደረሰ። ጽጌ ከታች ሆና፣ «ራስሽ መጥተሽ ነው የምትፈተኚው። ያልመጣ ቦታው ለሌላ ይሰጣል ተብሏል፤ ተጠባባቂው ብዙ ነው» አለችኝ። ማዳምን ጠየቅኋት። «ኢንሻላህ፣ እናያለን» አለች። አማን የኖረ ሰው ይህ መልስ «አይሆንም» ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

ጽጌ ሌላ መላ ነበራት። «ቆሻሻ ልትጥዪ ስትወርጂ በዚያው ነይ። እኔ ጋ ታድሪያለሽ።» እንዲህ ባደርግ ፓስፖርቴ ማዳም እጅ ይቀራል፤ ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ፣ ፖሊስ ባየሁ ቁጥር እየተደበቅሁ ልኖር ነው። ከአንድ ቤት አመልጥና አገሩ በሙሉ ይቆለፍብኛል። ብቀር ደግሞ ትምህርቴ አበቃ። የቱንም መምረጥ አቅቶኝ እንቅልፍ አጣሁ።

የፈተናው ዋዜማ ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ የማዳም እናት ሐጃ ይመጣሉ፤ ጎረቤት ሴቶችም ይሰበሰባሉ። ሐጃ ወግ አጥባቂ አሮጊት ናቸው። ሄል የበዛበትን መራራ ቡና ራሳቸው ይቀዳሉ፤ ለእኔም አንድ ፍንጃል ሳይሰጡኝ ቀርተው አያውቁም። ከጥቂት ጊዜ በፊት ለማዳም ታናሽ እህት ጃሃ ሲመጣ፣ ሽማግሌው ፍንጃሉን ሲያስቀምጡ አይቻለሁ። አስቤበት አልነበረም። እንደ ሁልጊዜው ቡናውን ሰጡኝ፤ ተቀበልኩና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ከቡናው ትንሽ ፈሰሰ።

«ጠጪ እንጂ፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ» አሉኝ።

«ጉዳይ አለኝ፣ ሐጃ።»

አንዷ ጎረቤት ሳቀች። ማዳም ፊቷ ቀልቶ፣ «ያላ፣ ወደ ወጥ ቤት» አለችኝ። ሐጃ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት። እሳቸው አልሳቁም።

«ቡና ያስቀመጠ ጠያቂ ነው። ጠያቂ ሳይሰሙ አያባርሩም፤ ዓይብ ነው፣ ነውር። ምንድን ነው ጉዳይሽ?»

«ነገ ፈተና አለኝ። ሄጄ ልፈተን።»

ሐጃ ልጃቸውን አዩ። ማዳም እንግዶቿን አየች። «እሺ፤ ራሴ አደርሳታለሁ» አለች ጥርሷን ነክሳ። ቡናውን አንሥቼ ጨለጥኩት። ቀዝቅዟል፤ ሆኖም እንደዚያ የጣመኝ ቡና የለም።

በማግስቱ ማዳም አዳራሹ መጨረሻ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀመጠች። የጽሑፉን ፈተና ሠራሁ። ቀጥሎ ቆሞ መናገር መጣ፤ ርዕሱ «የምትኖሪበት ቤት» የሚል ነበር። የራሴን እንግሊዝኛ ጆሮዬ ሰምቶት አያውቅም። የቤቱ ባለቤት ደግሞ ከኋላ ናት፤ እንግሊዝኛ አሳምራ ታውቃለች። ዝም ብል እወድቃለሁ። ስለ በረንዳው አበባ ለፍልፌ መቀመጥም እችል ነበር።

ቤቱ ትልቅ ነው አልኩ። ሦስት መኝታ ቤት አለው። ወጥ ቤቱ ንጹሕ ነው፤ የማጸዳው እኔ ነኝ። ተማሪዎቹ ሳቁ። ሳቃቸው ደፋር አደረገኝ መሰለኝ፣ ልቤ ውስጥ የነበረው ወጣ። «ቤቱ አንድ በር አለው። እኔ ቁልፍ የለኝም።»

ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም። መምህርቷ ወደ ኋላ አየች፣ ወደ እኔ አየች፣ «አልፈሻል፣ ተቀመጪ» አለችኝ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ ማዳም ወደ ሠራተኛ አስመጪው ቢሮ ልትመልሰኝ ነው ብዬ ሻንጣዬን በልቤ ማዘጋጀት ጀመርኩ። ቤት ልንደርስ ስንል፣ «ቀጣዩ ክፍል መቼ ይጀምራል?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አርብ አርብ ራሷ ታደርሰኝ፣ ራሷ ትመልሰኝ ነበር። ቁልፍ ግን አልሰጠችኝም።

ይህን ለሕይወት የነገርኳት ሥራ ጨርሰን ታክሲ ስንጠብቅ ነው። እውነቱን ለመናገር አድናቆት ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ግንባሯን ቋጥራ፣ «ግን እትዬ፣ አርብ እኮ ያንቺ ነበር» አለችኝ። «በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት አለን። እኔ እንደመጣሁ ነው የተነገረኝ።»

ሕጉ ያኔ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ቀኑ ግን የእኔ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት በድፍረቴ ስኮራ ኖሬያለሁ፣ አሁንም እኮራለሁ፤ እንደዚያ ፈርቼ ቡና ያፈሰስኩት የራሴን ቀን ለመለመን እንደነበር ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ታክሲው መጥቶ ስንገባ በማዳም መናደድ ገና መጀመሬ ነበር።