መኪና ለማስራብ ዳባት ደርሶ መልስ

በዚህ ነገር የነበርነው አራት ሰዎች ነን። አንደኛዋ ትልቋ ልጄ ናት፤ የመኪናዋ ባለቤትና ሾፌር። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ ሁሉን ታያለች፣ ጥቂት ትናገራለች፣ የተናገረችው ግን አይረሳም። ሦስተኛው የንስሐ አባታችን ናቸው፤ ጥምጥማቸው ጣራ እንዳይነካ አንገታቸውን ሰበር አድርገው የሚቀመጡ ረጅም ቄስ። አራተኛው እኔ ነኝ። የከባድ መኪና ሾፌር ነበርሁ። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ከመለዋወጫ ካርቶንና ከመንገድ ታፔላ ላይ ነው። የማውቀውን ሁሉ ለራሴ ያስተማርሁት እኔው ስለሆንሁ፣ ሌላውንም ማስተማር እወዳለሁ። ልጆቼ ይህን ከኔ የበለጠ ያውቁታል።

ልጄ መኪናዋን ከጎንደር ነድታ ደባርቅ ግቢያችን ስታስገባት ዙሪያዋን ዞርኋት። ድምፅ የላትም፣ ጭስ የላትም። ፊቷ ላይ አየር የሚገባበት ፍርግርግ እንኳ የለም፤ እንደ እንቁላል ልስልስ ያለ ነው።

"ይች በየት ነው የምትተነፍስ?" አልኋት።

"አትተነፍስም፣ አባባ። ኤሌክትሪክ ናት።"

"የጎረቤታችን መኪናም ኤሌክትሪክ ናት። እሷ አፍንጫ አላት።"

"ያች የበፊቷ ናት። ይች ፌስሊፍት ናት። ያችው መኪና ሆና ፊቷን አድሰው ያወጧት።"

ፊት ማደስ አልወድም። ሰውም ቢሆን በስተርጅና ፊቱን ማሳመር ሲያበዛ፣ የሚደብቀው ነገር አለ ማለት ነው። ይህንኑ ነገርኋት።

"ፊቷን ካደሷት ጠባይዋንስ?"

"ጠባይዋንም አድሰዋል" አለችና ሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ከመሪው ኋላ በግራና በቀኝ እንደ ጆሮ የወጡ፣ በጣት የሚሳቡ ሁለት ትንንሽ እጀታዎች አሉ። "ቁልቁለት ላይ እግሬን ከመርገጫው ሳነሳ ጎማው ሞተሩን ያዞረዋል። ሞተሩ ያን ጊዜ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ወደ ባትሪው ይመልሳል። ለመዞር ስለሚከብደው መኪናዋን ይይዛታል። በግራው ስስብ መያዙ ይጠነክራል፣ በቀኙ ስስብ ይላላል። በአሮጌዋ ይህን ለመቀየር ስክሪን ውስጥ ገብቶ መፈለግ ነበር። እኔ ፌስሊፍቷን የመረጥሁት ለፊቷ አይደለም፤ ለዚህ ነው።"

"እየወረደች ታተርፋለች ነው የምትይኝ?"

"አዎ።"

"እየወረደ ያተረፈ ሰው አላየሁም" አልሁና ወረድሁ።

ልጄ የቢሮ ሥራዋን ትታ በደባርቅና በአዲ አርቃይ መካከል መንገደኛና እንግዳ ልታመላልስ ነው የተነሳች። መኪናዋን የገዛችው በራሷ ጥሪት ነው፤ ከኔ የጠየቀችው ምርቃት ብቻ ነበር። በቤታችን አባት ሳይመርቅ እንጀራ አይጀመርም። እኔ ደግሞ ያላየሁትን አልመርቅም።

"ሊማሊሞን ወርዳ ልያት" አልሁ። "ከያዘች እመርቃለሁ። ካልያዘች ሸጠሽ ወደ ወንበርሽ ትመለሻለሽ።"

"እሽ፣ አባባ።"

ቃሏን የማታጥፍ ልጅ ናት። እንዲህ ያሳደግኋት እኔ ነኝ።

ሊማሊሞ ማለት መንገዱ ከደባርቅ ደጋ ጫፍ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ቆላ የሚወርድበት ገደል ነው። ዕድሜዬን እዚያ ላይ ስመላለስ አንድ ሕግ ነበረኝ፤ ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ትወርዳለህ፣ የእግር ፍሬን ለመቆሚያ ብቻ ነው። በእግሩ ተማምነው የወረዱትን፣ ከጎማቸው ጭስ ሲወጣ አይቻቸዋለሁ። አንዳንዶቹን ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም።

መጀመሪያ በዳባት መንገድ፣ በጎንደር በኩል ባለው ሜዳ ሞከርናት። ልጄ ኃይለኛውን አያያዝ መርጣ እግሯን ባነሳች ቁጥር እኔና ባለቤቴ ወደ ፊት እንጎነበሳለን፤ ደግማ ስትረግጥ ቀና እንላለን።

"ይች መኪና ስግደት አበዛች" አለች ባለቤቴ። "ጾም እስኪገባ ቀነስ አድርጊልን።"

ወደ መካከለኛው አወረደችው። ተመቸን። እኔ ግን አልመረቅሁም፤ ሜዳ ላይ ጨዋ ያልሆነ ማን አለ?

ፈተናው የደረሰው የባለቤቴ እኅት የልጅ ልጅ አዲ አርቃይ ላይ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሳ ነው። ዋዜማውን ልጄ መኪናዋን ከሶኬት ነቅላ ሹሩባ ልትሠራ ሄደች። ስክሪኑን ባይ ሰማንያ ይላል።

ሰማንያ! ጎደሎ ይዞ ወደ ሊማሊሞ የሚወርድ ሾፌር በኔ ዘመን ሾፌር አይባልም። ሳይሞላ አይወጣም፤ ይህን አባባል ልጆቼ ከአቡነ ዘበሰማያት ቀጥለው የተማሩት ነው። ደግሞስ መብራት በመጣ ጊዜ ሳይሞላ የሚተው ደባርቄ ማን ነው? እኛ መብራት ሲመጣ ስልኩንም፣ የእጅ ባትሪውንም፣ ያገኘነውን ሁሉ ነው የምንሰካው። ሰካሁት። እንደ ልማዱ ይጠፋል ብዬ ስጠብቅ መብራቱም አፍሮኝ ነው መሰል እስከ ማታ ቆየ። መቶ ሲል ነቀልሁና ገመዱን እንደነበረው ጠቅልዬ አስቀመጥሁት። ባለቤቴ ግቢው ላይ ስንዴ እየለቀመች ታየኛለች።

"ነግረሃታል?"

"ለመልካም ነገር ምን ፈቃድ ያስፈልጋል?"

"እሽ" አለችና ወደ ስንዴዋ ተመለሰች። ያች "እሽ" ረጅም ነበረች፤ ያኔ አልለካኋትም።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሳን። የንስሐ አባታችን ለክብራቸው ፊት ተቀመጡ። እኔ ከኋላ፣ በሁለቱ ወንበሮች መካከል አንገቴን አሰገግሁ። ባለቤቴ ጉልበቷ ላይ ለአራሷ የያዘችውን የማር ቅል አቀፈች። ልጄ መኪናዋን አስነስታ ስክሪኑን አየች።

"ትናንት ነቅየው ነበር" አለች ቀስ ብላ።

እኔ በመስኮት ተራራውን አየሁ። ባለቤቴ እኔን አየች። ልጄ በቄስ ፊት አባቷን አትመረምርም፤ ነዳች።

ቁልቁለቱ ጀመረ። ልጄ የግራውን ሳበች። መኪናዋ ግን አልያዘችም፤ ዘይት እንደተቀባ ብይ ተንሸራተተች። ስክሪኑ ላይ ብርቱካናማ ጽሑፍ በራ። ልጄ ፍሬን ረገጠች። በሁለተኛው ኩርባም፣ በሦስተኛውም ያው ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። ክፉ ይመጣል ብሎ ሲናገር የኖረ ሰው፣ ክፉው ሲመጣ ዘመድ የመጣለት ያህል ነው።

"አቁሚ" አልሁ።

ዝንጀሮዎች ከተቀመጡበት ሰፊ ዳር ላይ አቆመች።

"አየሽ፣ ልጄ? ሜዳ ላይ ያስጎነበሰችን ገደል ላይ ከዳችን። ፊት ማደስ ይህ ነው። ምርቃት የለም፤ ትሸጫታለሽ።"

ልጄ ሁለት እጇን መሪው ላይ አደረገች። አንገቷ ላይ አዲሱ ሹሩባ ተዘናፍሎ ለሥራዋ መጀመሪያ የተዘጋጀች ሙሽራ ትመስላለች።

"አንድ ነገር ልጠይቅ፣ አባባ?"

"ጠይቂ።"

"ጋኑ አፉ ድረስ ሞልቶ ሳለ ሌላ ጠላ ቢመጣ የት ይገባል?"

"ይፈሳላ።"

"ባትሪው ሞልቷል። ከቁልቁለቱ የሚመለሰውን የሚያኖርበት ስለሌለው ነው አልይዝም ያለው። ሰማንያ ላይ የነቀልሁት ለዚህ ነበር።"

የንስሐ አባታችን ቀስ ብለው ዞሩ።

"ታዲያ ማን ሞላው?"

ባለቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ከንስሐ አባት ጋር በአንድ መኪና ተቀምጦ መዋሸት ደግሞ አይመችም።

"እኔ ነኝ፣ አባ።"

"አውቀህ ነው ሳታውቅ?"

"መሙላቱን አውቄ፤ የሚያመጣውን ሳላውቅ።"

"እሱ ይቀላል" አሉና ወደ ፊታቸው ተመለሱ።

"አባባ" አለች ልጄ ሳትስቅ፣ "ገበታ ላይ 'ጥጋብ ፍሬን የለውም' ይሉን የለ?"

እላቸው ነበር። "በይ በእግርሽ ውረጂ" እንዳልላት የገዛ ሕጌ ይከለክለኛል፤ ያን ሁሉ ገደል በእግር ፍሬን አላስወርድም። "ሽጫት" እንዳልላት ደግሞ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በሌላ ሰው ጥጋብ ልጅ አይፈረድባትም።

"ምን ይሻላል?" አልሁ።

"ባትሪውን ማስራብ ነው። ወደ ላይ ተመልሰን፣ ማሞቂያውን ለቀን፣ ዳባት ደርሰን እንመለስ። ክርስትናው ግን ያመልጠናል።"

"ልጁ እኛን ብሎ አይደለም የሚጠመቅ" አለች ባለቤቴ። "አዙሪ።"

አዞረች። ማሞቂያው እንደ ምድጃ ይነፍሳል። መስኮት እንክፈት ስንል የንስሐ አባታችን ነፋስ ጆሯቸውን እንደሚያማቸው ነገሩን። ተዘግቶ ተነዳ። የደባርቅ መውጫ ላይ ድሮ ረዳቴ የነበረው ሰው እጁን አነሳ፤ ልጄ ቀስ አለች።

"ጋሼ፣ ወዴት ነው?"

"አዲ አርቃይ።"

መኪናዋ የዞረችበትን የዳባት አቅጣጫ አየ፤ ከዚያ በላብ የራሱትን ቄስ አየ።

"አዲ አርቃይ መዛወሯን አልሰማሁም" አለ።

ስንመለስም እዚያው ቆሟል። "ደረሳችሁ?" አለን። "ገና ነን" አለችው ባለቤቴ በኔ ፈንታ።

ሊማሊሞ ጫፍ ስንደርስ ልጄ የግራውን ሳበችና እግሯን አነሳች። መኪናዋ ጭነት ይዞ ከሳንቃ በር ገደል እንደሚወርድ በቅሎ ኋላዋን አስቀምጣ፣ ረጋ ብላ ወረደች። የልጄን ቀኝ እግር ነው የማየው። አረፈ። ኩርባው ሲጠብቅ ወደ ኃይለኛው፣ ሲሰፋ ወደ ቀላሉ ትቀይራለች፤ እኔ ማርሽ የምለውጥበት ቦታ ላይ ሁሉ የእሷ ጣት ይንቀሳቀሳል። ማንም አላስተማራትም ልል ነበር፤ ለካ ልጅ ሆና አጠገቤ ተቀምጣ ታይ ነበር። የማሩ ቅል አልተነቃነቀም። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ አንድ ጨመረ፤ ቆይቶ ደግሞ ጨመረ። የንስሐ አባታችን እንቅልፍ ወሰዳቸው። እኔ እየነዳሁ ሊማሊሞ ላይ የተኛ ተሳፋሪ ኖሮ አያውቅም።

ዛሪማ ስንደርስ አስቆምኋት። የዱሮ ሾፌሮች እዚያ ወርደን የእጃችንን ጀርባ ወደ ጎማው ብረት እናስጠጋለን፤ የሚፈጅ ከሆነ የነዳው ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ ይታወቃል። የፊቱን ግራ ነካሁ። የሰው እጅ ያህል እንኳ አይሞቅም። አራቱንም ነካኋቸው። አራቱንም የነካኋቸው አንዱ ይፈጅ ይሆናል ብዬ ነው፤ አልፈጀም።

ልጄ ወርዳ ቆማለች። ባርኔጣዬን አወለቅሁ። አፍንጫ የሌለው የመኪናዋ ፊት ላይ ለምርቃት እትፍ አልሁ።

"መንገድሽን ያቅናው። ወርደሽ ግቢ፣ ወጥተሽ ግቢ። የጫንሽው እንደ ዛሬው ተኝቶ ይድረስ።"

ልጄ ጉልበቴን ሳመች።

"መውጣቷስ? ሳታየው?" አለች ባለቤቴ ከመስኮቱ።

"መውጣትማ ማንም ይወጣል።"

አዲ አርቃይ ስንገባ ሕፃኑ ተጠምቆ ተኝቷል፤ ድግሱ ተጋምሷል። የባለቤቴ እኅት ዘግይቶ የመጣ ሰው በግ ይቀጣል ብላ ፈረደች። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም፤ ሦስቱም ወደ እኔ ዞረው ነበር።

እንግዲህ ድምሩ ይህ ነው። ከንስሐ አባታችን አንድ በላብ የራሰ ጥምጥም፤ ከባለቤቴ ያመለጣት ክርስትና፤ ከልጄ በሙቀት የተበላሸ ሹሩባ፤ ከኔ አንድ ሙክት ከነቆዳው፣ በላዩም አንድ አባባል። "ጥጋብ ፍሬን የለውም" የሚለው አይደለም፣ እሱ አለ። የሄደብኝ "ሳይሞላ አይወጣም" የሚለው ነው።