ቢነሳማ ይመጡ ነበር

የኮሮና ክልከላ መነሳቱን እናቴን ለማሳመን ያልሞከርኩት ነገር የለም። ሬዲዮ ከፍቼ አሰማኋት፤ እሱ ለአዲስ አበባ ነው አለችኝ። ስልክ ስንደውል ከጥሪው ቀድማ እጃችሁን ታጠቡ ትል የነበረችው ልጅ ድምፅ መጥፋቱን ስልኩን ጆሮዋ ላይ ደቅኜ አሳየኋት፤ ደክሟት ይሆናል፣ እሷም ሰው ናት አለችኝ። ተማሪዎቹ በበራችን እየተንጋጉ ሲያልፉ እይ አልኳት፤ ልጅ ደግሞ መቼ ሕግ ያውቃል አለችኝ። ለሁሉም መልስ ነበራት። ከሁሉ የሚብሰው ግን የመጨረሻው መልሷ ነው።

«ቢነሳማ ይመጡ ነበር» ትላለች።

ይመጡ ነበር የምትላቸው የቁምስናችንን፣ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችንን ሰዎች ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ እኛ ካቶሊኮች ጥቂት ነን፤ አንዱ ሲያስነጥሰው ሌላው ከቤቱ ሆኖ ይማርህ የሚል ዓይነት። እናቴ ግን ካቶሊክ ሆና አልተወለደችም። የአንኮበር ቄስ ልጅ ናት። አባቴ ከደቡብ ለብርድ ልብስ ፋብሪካ ሥራ የመጣ ካቶሊክ ነበር፤ እሱን አገባለሁ ስትል ቤተሰቦቿ እንደ ሞተች ቆጥረው አለቀሱ። በሰርጓ ቀን ከወገኗ አንድ ሰው አልተገኘም። እኔን ስትወልድ አራስ ቤት የገቡላት፣ ገንፎውን ያገነፉላት፣ እልል ያሉላት የቁምስናው ሴቶች ናቸው። አባቴ ሲሞትም ሬሳውን ከቤት ያወጡት፣ ሰልስቱ እስኪወጣ አጠገቧ ያደሩት እነሱ ናቸው። ዘመዶችሽ የት ናቸው ብሎ ለሚጠይቃት ሁሉ ጣቷን የምትቀስረው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነበር።

እሷም ውለታ አልበላችም። በቁምስናችን አርብ የሕመምተኛ ቀን ነው። የእናቶች ማኅበር አባላት ተጠራርተው ከቤት መውጣት ወዳቃተው ሰው ይሄዳሉ፣ መቁጠሪያ ይደግማሉ፣ ቆሎ ይቆረጥማሉ፣ ያወራሉ። እውነቱን ለመናገር ወሬው ከጸሎቱ ይረዝማል፤ ሕመምተኛውን የሚያሽለውም እሱ ይመስለኛል። እናቴ ይህን ጉዞ ለዓመታት መርታለች። ያልገባችበት ቤት፣ ያላጠበችው ሬሳ፣ ያላረሰችው አራስ የለም። ጉልበቷ ከድቷት ቤት መዋል ስትጀምር ተራው የእሷ ሆነ። አርብ አርብ ቤታችን ይሞላል፤ እኔ ከልብስ ስፌቴ ስመለስ ከደጅ ነበር ሳቃቸውን የምሰማው። ያኔ ሰልችቶኝ የማጉረመርምበት ቀን አልጠፋም።

በሽታው ሲመጣ ቤተ ክርስቲያኑ ተዘጋ። የቁምስናው ካህን፣ ቆሞሳችን፣ ወጣት ናቸው፤ ደግ ሰው፣ ቃል ትንሽ የሚያበዙ። «ዛሬ የሚወድ ሰው ይርቃል» ብለው አስተማሩ፤ በግቢው በር ላይም ማኅበራዊ ኃላፊነታችንን እንወጣ የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተሰቀለ። እኔ ከመዘምራኑ አሮጌ ቀሚስ ለምእመናኑ ሁሉ ማስክ ሰፋሁ። ጨርቁ ደማቅ ሰማያዊ ስለነበረ ያን ሰሞን በከተማው ካቶሊክ በአፉ ይለይ ነበር። እናቴ ክልከላውን እንደ ዐቢይ ጾም ጠበቀችው። እንግዳ የሚቀመጥባቸውን ሁለት አግዳሚዎች በምርኩዟ እየለካች አራራቀቻቸውና እንዳትነኪያቸው አለችኝ።

የሚገርመው፣ ያኔ ይመጡ ነበር። አይገቡም እንጂ ይመጡ ነበር። አንዷ ድንች፣ አንዷ ሽሮ ከቆርቆሮው በር ሥር አስቀምጣ ትጣራለች፣ እናቴ ከውስጥ ጮኻ ትመልሳለች፤ ሰፈሩ በሙሉ የጉልበቷን ነገር በየዕለቱ ይከታተል ነበር። አርብ ሲሆን በስልክ መቁጠሪያ ይደግማሉ። የአንዷ ጸሎት ከሌላዋ እየተጋጨ፣ መስመሩ እየተቋረጠ፣ ማን እንደሚመራና ማን እንደሚቀበል ሳይታወቅ አሜን ላይ ይደርሳሉ። እንዲህ ታስቤ አላውቅም ትል ነበር እናቴ፤ ፊቷ ያበራል።

ከዚያ ነገሩ መላላት ጀመረ። ቤተ ክርስቲያኑ መጀመሪያ ለጥቂት ሰው፣ ቀጥሎ ለግማሹ፣ በኋላ ለሁሉም ተከፈተ። ወንበሮቹ ላይ የተለጠፈው ምልክት ተላጠ። መዘምራኑ ተመለሱ፣ ሲጠብቁ የከረሙት ሰርጎች ባንዴ ወረዱ። ሰው እሁድ እሁድ ስለሚገናኝ ስልኩን ተወ። ድንቹም ሽሮውም ቀረ። የእናቶች ማኅበር ስብሰባውን በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጀመረ፤ የአርቡን ጉዞ ግን ማንም አላነሳውም። ማንም አልሰረዘውም ደግሞ፤ ቢሰርዙትማ የምጣላው ሰው አገኝ ነበር። ተከልክሎ ያልቀረ ሰው ሲፈቀድለት ቀረ።

እናቴ በዚህ ጊዜ ታዝንላቸው ነበር። እውነቴን ነው፣ ታዝንላቸው ነበር። የእገሊት ልጅ ጨቅላ ነው፣ ብትጠነቀቅ አይፈረድባትም ትላለች። ያቺኛዋ አስም አለባት፣ ደግ አደረገች ትላለች። መቁጠሪያዋን ይዛ ክልከላው እንዲነሳ የምትለምነው ለራሷ አልነበረም፤ እንዲህ ቤታቸው ታፍነው እንዴት ይኖራሉ እያለች ነው። ያቺ አስም አለባት የተባለችው በዚያው ሳምንት በአንድ ሰርግ ላይ ስትጨፍር በዓይኔ አይቻታለሁ። ከዓይን የራቀ ከልብም ይርቃል የሚባለው እንደዚህ ቶሎ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ለቆሞሱ ነገርኳቸው። ደንገጥ አሉ፤ በሰሞኑም ቅዱስ ቁርባን ይዘውላት መጡ። የሚያገለግሉት ሌላ ሩቅ ጸሎት ቤት ስላለ ቸኩለው ነበር። እናቴን ትልቅ ሰው ናቸው ብለው ተጠንቅቀው ማስካቸውን እስከ ዓይናቸው ሥር ስበው ነው የገቡት። እሳቸው ሲወጡ እናቴ እንደ ረታ ሰው አየችኝ። አየሽ፣ አባም ሸፍነዋል አለችኝ።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የማኅበሩን ሴቶች ግቢው ውስጥ ቆመው አገኘኋቸው። ምላሴ እንደማያርፍ ስለሚያውቁ ገና ሲያዩኝ ፈገግታቸው ሰብሰብ አለ። እናቴ እየጠበቀቻችሁ ነው አልኳቸው። አንዷ የኑሮውን ውድነት አነሳች፣ አንዷ የልጇን ፈተና። የማኅበሩ ሰብሳቢ፣ እናቴ ሁለት ጊዜ ያረሰቻት ሴት፣ ትከሻዬን ያዝ አደረገችኝ።

«እኛ እኮ ለእሳቸው ብለን ነው» አለች። «ትልቅ ሰው ናቸው። በሽታ ይዘንባቸው ብንገባስ? ኃላፊነት አለብን።»

ይህን ስትለኝ ሰላ ድንጋይ ድረስ ሄዳ ከሰርግ የተመለሰችው ትናንት ነበር፤ ድምፅዋ በእልልታ ብዛት ተዘግቷል። በር ላይ የተሰቀለው ያ ትልቅ ቃል እንዲህ የሰነፍ መደበቂያ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ የተናገርኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ በቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚነገር አልነበረም።

ቤት ስገባ እናቴ እንዴት ናቸው አለችኝ። ሰላም ብለውሻል አልኳት። ያን ቀን ነው ከእሷ ጋር መከራከሬን የተውኩት። ለካ እስካሁን የምከራከረው ለመርታት ብቻ ነበር፤ ብረታ ምን እንደማገኝ አላሰብኩም። ክልከላው መነሳቱን ካመነች ሌላም ነገር ልታምን ነው። አባቷንና እናቷን ትታ ዘመዶቼ ያለቻቸው ሰዎች መንገዱ ተከፍቶላቸው አልመጡም። ይህን በዚህ ዕድሜዋ እንድታውቀው አልፈለግኩም። ፈራሁ፤ በሽታውን እንኳ እንዲያ አልፈራሁትም። ማስኳን አጥቤ ማስጣት፣ አግዳሚዎቹን እንደተራራቁ መወልወል ቀጠልኩ።

ፍልሰታ ሲደርስ ግን ቤተ ክርስቲያን ውሰጂኝ አለች። ጉልበትሽስ አልኳት፣ ጭቃውስ አልኳት፣ ከጣርማ በር የሚነሳው ብርድስ አልኳት። በሩቁ ሆኜ ማርያምን ተሳልሜ እመለሳለሁ፣ ሰው አልነካም አለች። በማርያም ቀን እናትን እምቢ ማለት አይቻልም። ማስኳን አደረገች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ ባጃጅ ጠራሁ። መንገዱን ሙሉ ምነው ጎማው በተነፈሰ እያልኩ እመኝ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሏል። በሩ አጠገብ ካለው የመጨረሻ ወንበር ጫፍ ላይ አስቀመጥኳት። መጀመሪያ ያየችው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ የተቀመጠውን ሰው ነው፤ ቀጥሎ አፋቸውን። ማስክ ያደረገች እሷ ብቻ ነበረች፤ ያ ደማቅ ሰማያዊ ታጥቦ ታጥቦ አመድማ ሆኗል። ቆሞሱ በስብከታቸው ቁምስናችን በወረርሽኙ ጊዜ አንድም ሰው ሳይረሳ ማኅበራዊ ኃላፊነቱን መወጣቱን ተናግረው ምእመናኑን አመሰገኑ። ሰው አጨበጨበ። እናቴም አጨበጨበች። ኋላ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ ሲባል ሁሉም ዞር ዞር እያለ እጅ ለእጅ ተያያዘ፣ የተሳሳሙም ነበሩ። እናቴ፣ ክልከላው እንደሚያዘው፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ከፊቷ ላለው ሰው ጎንበስ አለች። ሰውየው እጁን ለሌላ ሰጥቶ ጀርባውን አዙሯል። ጎንበስ እንዳለች ትንሽ ቆየች። እጇን ያዝኩት፤ በረዶ ሆኗል።

ውጭ ስንወጣ ከበቧት። ደስታቸው የእውነት ነበር፣ ይህን አልክድም። ከነማስኳ ጉንጯን እያገላበጡ ሳሟት፣ ዓይናቸው እንባ ያቀረረም አሉ። የሚያናድደኝ ይኸው ነው፤ ክፉ ሰዎች ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

«ውይ እማማ፣ ምነው እንዲህ ጠፉ?» አለች ሰብሳቢዋ።

«የት እጠፋለሁ ልጄ፣ ቤቴ ነኝ» አለች እናቴ።

አርብ እንመጣለን አሉ። ሁሉም አሉ፤ አንዷማ ማርያምን ብላ ማለች።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ማስኳን አውልቃ ጭኗ ላይ አጠፈችው። ገባት፣ አለቀ አልኩ በልቤ። ምን እንደምላት ሳወጣና ሳወርድ እሷው ቀደመችኝ።

«ዛሬ ነው ማለት ነው የተነሳው» አለች።

ባለባጃጁ በመስታወቱ አየት አደረገንና ወደ መንገዱ ተመለሰ።

ሐሙስ ዕለት አግዳሚዎቹን አቀራርቢልኝ አለች። እኔ ስጎትት እሷ በምርኩዟ እያመለከተች፣ ተቀማጩ ጉልበት ለጉልበት እስኪነካካ አስጠጋናቸው። የገብስ ቆሎ አስቆላችኝ፣ ከጎረቤት ጠላ አስመጣችኝ። አርብ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ተቀመጠች። ዝናቡ ያለማቋረጥ ወረደ፤ በዚህ ዝናብ ማን ይወጣል አለች። የሚቀጥለው አርብ ፀሐይ ወጣ፤ ቀብር ገጥሟቸው ይሆናል አለች። ጓሮ ገብቼ ለሰብሳቢዋ ደወልኩላት። ውይ ከነጭራሹ ረስቼው፣ በቃ በሚመጣው አለችኝ። ላም አለኝ በሰማይ ነው ነገሩ። መደወሌን ለእናቴ አልነገርኳትም። ቆሎውን ዳግመኛ አሙቄ አስቀመጥኩላት፣ ጠላው ሆምጥጦ ስለነበር ደፋሁት። ያን ቀን ተስፋ ቆረጥኩ፤ በሰዎቹ ብቻ አይደለም፣ አብረን እንጸልየው በነበረው ነገር ሁሉ።

ከዚያ ወዲያ ባለው አርብ የሚያስቸኩል ስፌት ነበረብኝና ቆይቼ ገባሁ። እናቴ አግዳሚዎቹን ብቻዋን አራርቃቸዋለች። በዚያ ጉልበቷ እንዴት አድርጋ እንደጎተተቻቸው አላውቅም። ማስኳን አድርጋ፣ መቁጠሪያዋን ጨብጣ በአንደኛው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ላቅፋት ስጠጋ በእጇ ወደ ሌላኛው አግዳሚ አመለከተችኝ፤ እዚያ ተቀመጥኩ።

«መልሰው ከለከሉ መሰለኝ» አለችኝ።

ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። ትጠይቀኝ ይሁን ትለምነኝ መለየት አቃተኝ።

«አዎ እማዬ፣ ከልክለዋል» አልኳት።