የሲስተር ሄድዊግ ወታደር

ልጅ እያለሁ ሆሳዕና ውስጥ ከማንም በላይ የምፈራው ሰው፣ ከሞተ ብዙ ዘመን ያለፈው አንድ የጀርመን ወታደር ነበር። ፎቶው የሰፈራችንን ልጆች ሁሉ ያዋለደችው ጀርመናዊቷ ሲስተር ሄድዊግ ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጺሙ ደረቱ ድረስ ወርዷል፣ ደረቱ ላይ ደግሞ መስቀል የመሰለ ኒሻን አለ። ልንከተብ ስንሄድ መርፌውን ሳይሆን እሱን አይተን ነበር የምናለቅሰው።

አንድ ክረምት የሲስተር እናት አገሯ ውስጥ ማረፏ በስልክ ተነገራት። ሰፈሩ መች ዝም ይላል! ግቢዋ ውስጥ ድንኳን ተጣለ፤ ጎረቤት ቆጮና ጎመኑን ይዞ ጎረፈ። እሁድ ደግሞ እንደ ወጋችን ሽማግሌ ቆሞ የሟችን ዘር ከነሥራው መቁጠር አለበት። ሽማግሌው አያቴ ነበሩ፤ አባባ ላፌቦ።

«ልጄ፣ የእናትሽን ወገን ንገሪኝ፤ ባዶ አፌን አልቆምም» አሏት።

ሲስተር ፎቶውን አሳየቻቸው። «እናቴ የሱ የልጅ ልጅ ናት። ኒሻኑን በምን እንዳገኘ ግን አላውቅም፤ ቤታችን ስለ ጦርነት አይወራም ነበር።»

አባባ ራሳቸውን ያዙ። «የአያትን ሥራ ሳያውቁ እንዴት እንቅልፍ ይወስዳል!»

«ሰው ገድሎበት ከሆነስ አባባ? እኔ አዋላጅ ነኝ። በእናቴ ለቅሶ ላይ ያ እንዴት ይነገርልኛል?»

«አባት ተመርጦ አይወለድም። እንወቀውና እንነጋገራለን።»

ቅዳሜ ሲስተር፣ አባባና እኔ የኒሻኑን ነገር ልንፈልግ መናኸሪያው አጠገብ ወደነበረችው ኢንተርኔት ቤት ወረድን። የኔ ዘመን ሰዎች ታስታውሳላችሁ፤ ያኔ አንድ ፎቶ እስኪከፈት ሽሮ ይበስላል። ባለቤቱ ቀልደኛ የጉራጌ ልጅ ነበር። «ሲስተር፣ ጀርመን ሩቅ ነው፤ እየመጣ ነው፣ ይታገሱ» ይላል። ሊያልቅ ሲል መብራት ሄደ። ኤጭ! ሲመለስ ከሀ ተጀመረ።

በመጨረሻ ሲስተር አንብባ ተረጎመችልን። ያ መስቀል ሁለት ዓይነት ሪባን አለው። ጥቁሩ ነጭ ጠርዝ ያለው፣ ለተዋጋ ነው። ነጩ ጥቁር ጠርዝ ያለው ደግሞ ሳይዋጋ ለደከመ፣ ለሚያክም፣ ቁስለኛ ለሚረዳ። ፎቶውን ከቦርሳዋ አወጣች። ሦስታችንም አጎነበስን። ነጭ! እኔ ዘለልኩ። አባባ ግን ዱላቸውን አንስተው ቀድመውን ወደ ቤት አመሩ። በሳቸው ዘመን ጀግና የሚባለው የገደለ ነበርና፣ ነገ ምን ሊሉ ነው ብዬ ተጨነቅኩ።

እሁድ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። አባባ ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ መጀመሪያ በሀዲይኛ፣ ቀጥለው በአማርኛ ተናገሩ።

«ሟቿ የማን ዘር ናት ካላችሁ፣ ሰው ሁሉ ሲተኩስ ሳይተኩስ የተሸለመ ወንድ የልጅ ልጅ ናት። ተኩሶ መሸለምማ ማንም ይሸለማል! የሱ ሥራ ምን እንደነበር ለማወቅ የፈለገ፣ ልጆቹን ማን እንዳዋለደ ይጠይቅ።»

ስልኩ ከተደወለ ጀምሮ እንባ ያልወጣት ሲስተር እንደኛው ድምጿን አውጥታ አለቀሰች። አያቴን የዚያን ቀን ያህል ያደነቅኩበት ጊዜ የለም።

ዛሬ የማንንም ኒሻን ከስልኬ ላይ ወዲያው አገኛለሁ። ለቅሶ ላይም የሟች ታሪክ ከወረቀት ይነበባል፤ ተወለዱ፣ ወለዱ፣ አረፉ። አባባ ያረፉ ቀን ግን ወረቀቱን አጥፌ ቆምኩ። ሴት ልጅ እንዴት ትቆማለች ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ።

«እኚህ ሰው» አልኩ፣ «አይተዋት ለማያውቋት ሴት ወገን ፍለጋ ጀርመን ድረስ የሄዱ ናቸው።»

ሌላም ብዙ ልል አስቤ ነበር፤ እንባዬ አላስጨረሰኝም። ያጉረመረሙትም አብረውኝ አለቀሱ።