እትዬ በረኪናና ጃካራንዳው

የሰፈሩ ሰው «እትዬ በረኪና» ይላታል። ስሟስ ሌላ ነው፤ ግን የሆቴል አንሶላ አጥባ ስታሰጣው ዓይን እስኪያጥበረብር ስለሚነጣ ቅጽል ስሙ ጸናባት። አፏ ግን እንደ እጇ የጸዳ አልነበረም። በተለይ በግቢዋ ጃካራንዳ ላይ ስትጀምር ጆሮን ደፍኖ መሸሽ ነው!

«ይኸው ደግሞ ተራገፈብኝ! ምናለ ይሄን እርጉም ዛፍ መብረቅ በመታልኝ!»

ዝናብ ሊገባ ሲል ቅጠሉ ይረግፍና ዛፉ ሐምራዊ አበባ ብቻ ይሆናል። አበባው እርጥብ አንሶላ ላይ ከወደቀ ደግሞ እድፉ በዋዛ አይለቅም። እሷ ስትራገም ልጇ መስኮቱን ተደግፋ ትስቃለች።

«እማዬ፣ እስቲ አንዴ ቀና ብለሽ እዪው!»

«ቀና ብዬ ልይ? አንሶላውን ማን ሊያጥብልኝ፣ አንቺ?»

ቀና ብላ አይታው አታውቅም።

ልጅቷ ልቧን ታማ ሆስፒታል የተኛች ሰሞን፣ እትዬ በረኪና እንጨት ፈላጭ ጠርታ ዛፉን አስጣለችው። ግቢው ፀሐይ በፀሐይ ሆነ፤ እፎይ አለች። በሳምንቱ ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ ነጠል አድርጎ «ከእንግዲህ ቤቷ ብትሆን ይሻላል» አላት። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቷታል። ልጇ ወደተኛችበት ክፍል ስትመለስ፣ ልጅት ቤት መግባቷን ሰምታ ደስ ብሏታል።

«እማ፣ አልጋዬን ወደ መስኮቱ ታዞሪልኛለሽ አይደል? ጃካራንዳው እስኪያብብ ብቻ ልቆይ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

አፈር በበላሁ! አለች እናት በሆዷ። ጉቶውን እንዳታይባት ሲጨልም ጠብቃ ቤት አስገባቻት።

አልጋውን አዞረችላት፣ ከሆቴሉ አንሶላም የነጣውን መርጣ አነጠፈችላት። መጋረጃውን ግን ዘጋችው። «ብርሃን ለዓይንሽ ጥሩ አይደለም ተብሏል» ብላ ዋሸች። ከዚያ ወዲያ ማለዳ ማለዳ ፌስታል ይዛ ትወጣለች። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ያለ ጃካራንዳ ሥር አጎንብሳ የረገፈውን ስትለቅም ያየ ሁሉ «ይቺን ሴትዮ ምን ነካት?» ይላል። አንድ ቀን ወገቧን ሲያማት ቀና አለች። ወይ ጉድ፣ እንዲህ ያምር ኖሯል! እዚያው ቆማ ተንሰቀሰቀች።

አበባውን አምጥታ አልጋው ላይ ትበትነዋለች። «አበበልሽ፣ የኔ ዓለም!» ልጅቷ በጣቷ እየነካካች ፈገግ ትላለች።

አንድ ጠዋት፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ «መጋረጃውን ክፈቺው በቃ» አለቻት።

«ኧረ ዓይንሽን...»

«እማዬ፣ የዛፉ ጥላ እኮ መጋረጃው ላይ የለም። ከመጣሁ ማግስት ጀምሮ አውቄያለሁ።»

እናት አልጋው ጠርዝ ላይ ዘጭ አለች። «ታዲያ ምነው ዝም አልሽኝ፣ ልጄ?»

«አበባ ፍለጋ ስትወጪ አንዴ እንኳ ቀና ትያለሽ ብዬ ነዋ። አየሽው?»

«አየሁት» አለች። «ያምራል። በጣም ያምራል፣ ልጄ።»

መጋረጃውን ከፈተችው። ጉቶውና የተሰጡት አንሶላዎች ብቻ ነበሩ። ልጅቷ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ አረፈች።

ሆቴሉ አንሶላ ጎደለ ብሎ ቢጠይቅ ቢያስጠይቅ እትዬ በረኪና የልጇን አንሶላ አልመለሰችም። አጣጥፋ ትራሷ ሥር አድርጋዋለች። ሐምራዊው እድፍ እንዳለ ነው፤ ውሃ አላስነካችውም።