ደሴ ከ«ደ» ሥር ተገኘ

ዛሬ እትዬ ሙሉ በስልኬ ላይ የወንድማቸውን ስም አዩና ሱቄ ውስጥ እልል አሉ!

ወንድማቸው ደሴ ለሰሊጥ አጨዳ እዚህ ሱዳን፣ መፋዛ እንደወረደ በጦርነቱ ጠፍቶባቸው ነበር።

የተጠፋፉ ሰዎች የሚመዘገቡበትን ድረ ገጽ እዚህ ገዳሪፍ ያለን ኢትዮጵያውያን የከፈትነው፣ ማንም በነጻ ወስዶ በጋራ በሚያሻሽለው ሶፍትዌር ነው። እትዬ ሙሉ ሦስት ጊዜ መጥተው «ደ» ሥር ፈልገው አጥተዋል።

እሳቸው ወደሚሠሩበት እርሻ ከተመለሱ በኋላ የራሴን ስም ብፈልግ በአባቴ ስም ተደርድሯል። ለካ ሶፍትዌሩ ሰውን የሚደረድረው በመጨረሻው ስም ነው! ደሴ የማን ልጅ እንደሆነ ደግሞ አልጠየቅኋቸውም፤ በአባቱ ስም እንዳልፈልገው።

እኔ ስልክ ጠጋኝ ነኝ፤ ኮድ አልጽፍም። ሠሪዎቹ በሚወያዩበት ገጽ ላይ በተሰባበረ እንግሊዝኛ አቤት አልኩ።

አንድ የአይስላንድ ሰው «እኛም አገር ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው» ብሎ መለሰልኝ። በረዶ ውስጥ የሚኖር ሰው! አንዲት ብራዚላዊት ኮዱን ጻፈች፣ ሌሎች ሞከሩት። አንዳቸውም አያውቁንም።

ማሻሻያው ዛሬ ጠዋት ደረሰ። (የምስጋናው ዝርዝር ላይ እኔን አሁንም በአባቴ ስም ነው የደረደሩኝ።)

ደሴ የተመዘገበው ከሰላ በምትባል የሱዳን ከተማ ሆኖ ነው። ደወልን፤ አነሳ።

«ወላሂ አንተ ነህ?» አሉት እያለቀሱ።

ስልኩን ሲዘጉ ወደ እኔ ዞሩ። «ይኼን ያስተካከለው የማን ልጅ ነው? ልመርቀው።»

ምን ልበላቸው?

እናንተስ፣ የማን ልጅ እንደሆነ የማታውቁት ሰው ደርሶላችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ፤ እትዬ ሙሉ ገና መርቀው አልጨረሱም።