የካፒቴን የፊት ጎማ

ሰፈሩ ሁሉ «ካፒቴን» እያለ የሚጠራው ሰውዬ አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም። ዕድሜ ልኩን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው። ግን ሳሎኑ ግቡና እዩ፤ ባለመስተዋቱ ቁምሳጥን ውስጥ ከብረት የተሠሩ፣ መዳፍ የሚያክሉ የድሮ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ከነመስኮታቸው ተደርድረዋል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች «እኔንስ እንዲህ ወልውለኸኝ ታውቃለህ?» ትለው ነበር። እሱም እየሳቀ መወልወሉን ይቀጥላል።

ሴት ልጁ ልብስ ሰፊ ናት። የዚያን ዕለት ጠዋት ለደንበኛ የሰፋችውን ልታደርስ ስትወጣ፣ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላውን ሕፃኗን እሱ ዘንድ ተወችው። «አባዬ፣ አደራህን እነዚያን ነገሮች እንዳታስነካው። ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ነው የሚከተው» አለችው።

«አብደሻል እንዴ? እኔ ራሴስ መቼ እንደልቤ እነካቸዋለሁ?» አላት።

አያት ግን ምን ጊዜም አያት ነው። ሕፃኑ እናቱን ፈልጎ ሲያለቅስ አንጀቱ አልችል አለና ባለአራት ፕሮፔለሯን፣ ከሁሉ የሚሳሳላትን፣ አውርዶ ሰጠው። ሕፃኑ ዝም አለ። ካፒቴን ውሃ ሊያመጣለት ጓዳ ገባ፤ ሲመለስ ሕፃኑ ለሃጩ እየተዝረከረከ ያስላል። አውሮፕላኗን ቢያነሳት ከፊት ካሉት ሁለት ጎማዎች አንዱ የለም። ሶፋው ሥር እጁን ሰድዶ እየዳበሰ ሳለ እናትየው በሩን ከፍታ ገባች። አልዋሸም፣ ይህንን ልመስክርለት። «ጎማ ውጧል መሰለኝ» አላት። ሕፃኑን አቅፋ በረረች፤ እሱም በነጠላ ጫማ ተከተላት።

ክሊኒኩ ከቤቱ መንገድ ማዶ ነው። ሐኪሙ የሕፃኑን ደረት አዳመጠና «ይተነፍሳል፤ ግን መተንፈሻው ላይ ተቀርቅሮ እንደሆነ አላውቅም። ብረት ነው ላስቲክ? ላስቲክ ከሆነ ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል» አለ። የእያንዳንዱን አውሮፕላን ብሎን በቃሉ የሚያወራው ሰው «እንጃ» አለ።

«አባት፣ የጎማውን ጓደኛ ሮጠው ያምጡልኝ፤ ከሕፃኑ ጎን አድርገን ራጅ እናነሳዋለን» አለው ሐኪሙ።

ሮጠ። እንደዚያ መሮጡን በጉርምስናውም እጠራጠራለሁ። ቤት ሲገባ ግን፣ አመል ያወጣል ከመሀል፣ እጁ የለመደውን ሠራ። ነጭ የጥጥ ጓንት አጠለቀ። ላብ ቀለሟን እንዳይበላው አውሮፕላኗን በጨርቅ ጠቀለላት፤ ክንፏ እንዳይጎዳ ስፖንጅ ያለው ሳጥን ውስጥ አስተኛት። ከዚያ ሳጥኑ እንዳያዘነብል በሁለት እጁ አግድም ይዞ፣ እየተጠነቀቀ፣ መንገዱን ተሻገረ። እንዲህ ማድረጉን እሱ ራሱ አላወቀውም።

እናትየው ወደ መንገዱ በሚያሳየው የክሊኒኩ መስኮት ዳር ቆማ ነበር።

ሐኪሙ ሳጥኑን ተቀብሎ የቀረውን ጎማ በመቆንጠጫ ነቀለው። ቀለሟ ሲላጥ ካፒቴን «ቀስ» አለ። ሁለቱም ዞረው አዩት። ይኼኔ ጓንቱን አየና እጆቹን ከኋላው ደበቀ።

ራጁ እስኪደርስ ኮሪደሩ ላይ ጠበቁ። ሕፃኑ ባሳለ ቁጥር እናትየው ጀርባውን ታሻሸዋለች። በመጨረሻ ሐኪሙ ብቅ ብሎ «ሆዱ ውስጥ ገብቷል። በራሱ ይወጣል፤ ተመስገን በሉ» አላቸው። ካፒቴን ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ።

ሲወጡ ከኋላ ከኋላዋ እየሄደ «ሁሉንም ዛሬውኑ አወጣቸዋለሁ፤ ለፈለገ እሰጣለሁ። ማሪኝ ልጄ» አላት።

«እነሱ ምን አጠፉ?» አለች፣ ሕፃኑን ወደ ሌላው ትከሻዋ እያዛወረች። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የባሰውም ይኸው ነው። «አውሮፕላኗን መስጠትህንም እተውልሃለሁ፤ አያቱ ነህ። ግን በመስኮት እያየሁህ ነበር፣ አባዬ። ስትሄድ ሮጥክ። ስትመለስ አልሮጥክም።»

ከዚያ ወዲህም ትመጣለች፣ ትጠይቀዋለች፣ ልብሱን ትተኩስለታለች። ሕፃኑን ግን ከጭኗ አታወርደውም።